ቋሚ ነዋሪ፣ ለአሥር ዓመት

አሜሪካ ለስደተኛ ከምትሰጣቸው ወረቀቶች ሁሉ እንደ ግሪን ካርድ ስሙና ግብሩ የተጣላ ያለ አይመስለኝም። የቋሚ ነዋሪነት ካርድ ይባላል፤ ፊቱ ላይ ግን የሚያበቃበት ቀን በቁጥር ተጽፏል። አረንጓዴ ይባላል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን አረንጓዴ አልነበረም፤ ቀለሙ የተመለሰለት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። እንግዲህ አሥር ዓመት ሲሞላ ቋሚው ነዋሪ ቋሚነቱን ለማደስ ይሰለፋል ማለት ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። የመጡት የዲቪ ቪዛ መሰጠት በጀመረበት በእ.ኤ.አ. 1995 ነው። በ2005 አደሱ፣ በ2015 አደሱ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በሬን አንኳኩተው ካርዳቸውን ከነላስቲኩ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሊያልፍብኝ ነው፤ ይዘውኝ ይሄዱ ይሆን?» አሉኝ።

ሠላሳ ዓመት ግብር የከፈሉ ሰው ናቸው። የፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየቡናው ላይ የምንሰማውን ነው የሰሙት። «ካርዱ ካለፈ ነዋሪነትህም አለፈ» የሚል ሕግ አዋቂ በየቤቱ አለን። እውነቱ ሌላ ነው። የሚያልፈው ማስረጃው እንጂ መብቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ወዲህ በወጣው አሠራር ማደሻ ያስገባ ሰው የሚላክለት የደረሰኝ ደብዳቤ የካርዱን ዘመን በ36 ወር ያራዝምለታል፤ ከዚያ በፊት 24 ወር ነበር። አሠሪም ሲቀጥር ያየውን ግሪን ካርድ «ጊዜው አልፏል፣ ሌላ አምጣ» የማለት መብት የለውም። ይህን ሳያውቁ ፈረቃቸውን ለሰው ሰጥተው ቤታቸው የተቀመጡ፣ ለቀብር እንኳ አገር ቤት መግባት የፈሩ ሰዎች አውቃለሁ። በእርግጥ ነዋሪ የሆነ ሰው ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ካርዱን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል፤ ስለዚህ ይታደስ፣ ማን ይከራከራል። ጥያቄዬ ወዲህ ነው።

ጋሼን ይዤ የሄድኩት ፎርም ወደሚሞላ ሰው ዘንድ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ግድግዳው ላይ ካሌንደርና የአክሱም ሐውልት ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር። ሥራውን አውቆታል፤ ጣቶቹ ቀና ብሎ ሳያይ ይሮጣሉ። «ቁመትዎ? ክብደትዎ? የዓይንዎ ቀለም?» ይላል። ጋሼ የዓይናቸውን ቀለም ሲጠየቁ ግራ ገባቸው፤ «የሐበሻ ዓይን ነዋ!» አሉት። ሳቅን። በወረቀት ለሚገባ ማመልከቻ መንግሥት በ2024 ያወጣው ዋጋ 465 ዶላር ነው፤ በኢንተርኔት 415። ፎርም ሞይው የራሱን 250 ጨመረበት። አንድ የረሳት ጥያቄ ነበረች፤ ጠያቂው የሚከስርባት ጥያቄ ናት። «ለመሆኑ ጋሼ፣ ለምን ያድሳሉ?»

ቢጠይቅ ኖሮ ወሬው ሁሉ በተለወጠ። ነዋሪ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ጋሼ እንግሊዝኛቸው ለፓርኪንግ ሥራ እንጂ ለፈተና አይበቃም ብለው ደምድመዋል። ሕጉ ግን ዕድሜው 50 የሞላና 20 ዓመት በነዋሪነት የቆየ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የቆየ ሰው የእንግሊዝኛ ፈተናውን ትቶ የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአስተርጓሚ፣ በገዛ ቋንቋው ይመልስ ይላል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የቆየ ደግሞ ከ20 ጥያቄዎች ብቻ ነው የሚጠየቀው፤ አሥር ይቀርቡለታል፣ ስድስት ከመለሰ አለፈ። ጋሼ በዚያን ዕለት 69 ዓመታቸው፣ በነዋሪነት 30 ዓመታቸው ነበር። ይባስ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ወዲህ በተሠራበት አሠራር የዜግነት ማመልከቻ ያስገባ ሰው ደረሰኙ የካርዱን ዘመን 24 ወር ስለሚያራዝምለት አብዛኛውን ጊዜ ማደሻ መክፈል አያስፈልገውም።

«ዜግነት አልፈልግም» የሚል ሰው አለ፤ እሱን አከብራለሁ። የእኛ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378/1996፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የራሱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ የሚቀርለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ እኛ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፣ አያስመርጥም። እናቱ የተቀበረችበትን አገር ፓስፖርት በቢጫ ካርድ መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። ጋሼም ለዓመታት «አንድ ቀን ጠቅልዬ እገባለሁ» ሲሉ ነው የኖሩት፤ ሻንጣቸው ከቁም ሣጥኑ ሥር አለች።

የማልቀበለው ዋጋውን ሳያውቁ መወሰንን ነው። ዋጋው ደግሞ 465 ዶላር ብቻ አልነበረም።

ጋሼ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ዲቪ ሲደርሳቸው የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከእናቷ ጋር ደሴ ቀረች። «ትንሽ ልደላደልና» ብለው ዓመታት አለፉ። ሃያ አንድ ካለፋት በኋላ፣ በ2009፣ አመለከቱላት። ወረፋው ረጅም ነው፤ ልጅቷ ጠበቀች። በ2013 አገባች። ጋሼ ሠርጉ ላይ ተገኝተው ጨፍረዋል፤ የቪዲዮው ቅጂ እስከ ዛሬ ቤታቸው አለ። በዚያው ቀን ማመልከቻዋ ወደቀ። ምክንያቱም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ላላገባ ልጁ እንጂ ላገባ ልጁ ማመልከት አይችልም፤ ወላጁ ዜጋ ሳይሆን ልጁ ካገባ የተከፈተው ፋይል በራሱ ይዘጋል። ዜጋ ሆነው ቢሆን ኖሮ ግን ፋይሉ ወደ ሌላ ወረፋ ይዛወር ነበር እንጂ አይሞትም ነበር። ጋሼ ዜግነት መጠየቅ የሚችሉት ከ2000 ጀምሮ ነበር። በ2005 ፎርም ሲሞላላቸው የነገራቸው የለም። በ2015 የነገራቸው የለም፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

ማንን እንወቅስ? ፎርም ሞይውን መውቀስ ይቀላል፤ ለእሱ በየአሥር ዓመቱ የሚመለስ ደንበኛ ከዜጋ ይሻላል። ይሁን እንጂ እሱ ጠበቃ አይደለም፤ እኛም ጠበቃ ስላልሆነና ርካሽ ስለሆነ ነው የምንሄድለት። ዕድራችንስ? ለሬሳ መላኪያ ገንዘብ ለማዋጣት በአንድ ምሽት እንሰበሰባለን፤ በቁም ስላለው ሰው ወረቀት ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አናውልም። የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ በ2004 በወጣ የቋንቋ ሕግ የመሥሪያ ቤቶቹን ወረቀት ወደ አማርኛ ያስተረጉማል፤ እኛ የራሳችንን ሽማግሌዎች አንድ ገጽ አማርኛ ነፍገናቸዋል።

እኔስ ብሆን? ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ሁሉ ያወቅሁት ጋሼን ፎርም ካስሞላሁ በኋላ ነው። መኒ ኦርደሩን ከባንክ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አዲሱ ካርድ በመጣ ማግስት ወርጄ ነገርኳቸው። የልጅቷን ነገር ስደርስበት ዝም አሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ፣ «በአማርኛ ነው ያልከኝ? አስተርጓሚ ይዤ?» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሲቲዝን ብሆን ከነባሏ አመለክትላታለሁ?»

«ያመለክታሉ።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል?»

ላገቡ ልጆች ያለው ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑን አውቃለሁ። አሳንሼ መናገር ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ ያለውን ነገርኳቸው። ጋሼ አዲሱን ካርድ ከላስቲኩ አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉና የሚያበቃበትን ቀን አዩ። 2035 ይላል። በጣታቸው ደጋግመው ቆጠሩ።

«እስቲ ሃያውን ጥያቄ አምጣልኝ» አሉ።