ቤቱን የረሳ መንገደኛ

ከአሜሪካ ልብ ወለዶች መካከል ወጣቶችን ከቤታቸው በማስነሳት የጃክ ኬሩዋክን «በመንገድ ላይ» የሚስተካከሉ ጥቂት ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1957 ታተመ፤ በ1960ዎቹ ከወላጆቻቸው ሥርዓት ያፈነገጡ ወጣቶችም እንደ መመሪያ ያዙት። ከልጆቻችን አንዱ ይህን መጽሐፍ ይዞ ቢገባ ምን እንለዋለን? «ጣለው» ማለት ቀላል ነው፤ መርምሮ መልስ መስጠት ግን ይሻላል።

ኬሩዋክ በ1922 ሎዌል በተባለች የማሳቹሴትስ የፋብሪካ ከተማ፣ ከካናዳ ከፈለሱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካቶሊኮች ተወለደ። በአራት ዓመቱ ታላቅ ወንድሙ ሞተበት፤ ሐዘኑም ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። ሰው ለሆዱና ለዕቃ ብቻ አልተፈጠረም የሚል ጥማት ነበረው። ይህ ጥማት እውነተኛ ነው፤ መጽሐፉ አንባቢን የሚይዘውም በዚሁ ነው።

ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ የሚመሰክረውን ልብ በሉ። ተራኪው የሚያደንቀው ዲን ሞሪያርቲ ሚስት አግብቶ ይፈታል፣ ልጅ ወልዶ ይተዋል። ሜክሲኮ ሲቲ ላይም ጓደኛውን በትኩሳት እንደተኛ ጥሎት ይሄዳል። ይኸው ሰው ደግሞ በየከተማው ሰካራም አባቱን ይፈልጋል፤ አያገኘውም። እንግዲህ የነፃነት መዝሙር የተባለው መጽሐፍ፣ ውስጡ ሲታይ አባት ያጣ ልጅ ለቅሶ ነው።

የደራሲው ሕይወትም ከዚህ አልራቀም። በሚያዝያ 1951 መጽሐፉን 36 ሜትር ያህል በሚረዝም የወረቀት ጥቅል ላይ በሦስት ሳምንት ተየበው። በዚያው ዓመት ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ተለያየ። በ1952 የተወለደችውን ልጁን «የእኔ አይደለችም» ብሎ ካዳት፤ በዕድሜዋ ያገኘችውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጠፋ አባት ታሪክ የጻፈው ሰው፣ ራሱ የጠፋ አባት ሆነ። በ1962 ባሳተመው «ቢግ ሰር» መጠጥ እንዴት እንዳፈረሰው ሳይደብቅ ጽፏል፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ይህንንም ቢያነብ ፍርዱ ሚዛናዊ ይሆናል። በ1969 መጠጥ ጉበቱን ጨርሶት በ47 ዓመቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ሞተ። ልጁም እንደ እርሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆና በ1996 በ44 ዓመቷ አረፈች። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ የወረቀት ጥቅል ከ2.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጨረታ ተሸጠ። ወረቀቱ ዋጋ አገኘ፤ ልጅቱ ግን አባት አላገኘችም።

ውድ አንባቢያን፣ ኢስላም ጉዞን አይጠላም። ሙሳፊር ባለ አራት ረከዓ ሶላትን ያሳጥራል፤ በረመዷን አፍጥሮ በሌላ ጊዜ ቀዷ ያወጣል፤ ስንቁ ያለቀበት መንገደኛ ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች አንዱ ነው። የጉዞዎች ሁሉ ታላቅ የሆነው ሐጅ እንኳ፣ እስኪመለስ ድረስ ለቤተሰቡ የሚበቃ ቀለብ መተው በማይችል ሰው ላይ ግዴታ አይሆንም። ወደ አላህ ቤት የሚወስደው መንገድ የልጅን ሐቅ ካልሻረ፣ የትኛው መንገድ ይሽረዋል?

እንግዲህ ለልጃችን ጉዞ መጥፎ ነው አንበለው። «ወዴት ነው? እነማንን ትተህ ነው?» ብለን እንጠይቀው። እኛ አባቶችም ቤት ተቀምጠን ከልጆቻችን የራቅን እንዳንሆን ራሳችንን እንፈትሽ።

አላህ አማናችንን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።