የሙሉ ወንጌል መዘምራን ውርስና የጎጃም አጥቢያዎች ዝማሬ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የምታገለግሉ መጋቢዎች፣ በመጪው እሑድ መዘምራን ሲቆሙ ግጥሙን ለጊዜው ትታችሁ ዜማውን ብቻ አዳምጡ። ከየት መጣ? በአብዛኛው አዲስ አበባ የተቀረጸ፣ በስልክ የደረሰና በኪቦርድ የተጠና ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። መነሻው ግን ሊታወቅ ይገባል፤ ከአንድ ኅብረት ዝማሬ ስኬት ጋር የተያያዘ ነውና።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲሱ ወርቁ መሪነት የተነሣው የሙሉ ወንጌል ኅብረት ዝማሬ የወንጌላውያንን ዝማሬ መልክ ለውጧል። ከዚያ በፊት በጉባኤ የሚዘመረው በብዛት ሚስዮናውያን ያመጡት ትርጉም ነበር። የትርጉም መዝሙርን ችግር ታውቁታላችሁ፤ ለዜማው ሲባል ቃሉ ይጎተታል፣ የሚጠብቀው ፊደል ይላላል። እነዚያ ወጣቶች ግን በአማርኛ አስበው ገጠሙ። ቤተ ክርስቲያናቸው ዕውቅና ተነፍጋ፣ በ1964 ዓ.ም. አባሎቿ በጅምላ ታስረው ነበር፤ ያን ጊዜ መታመንን መዘመር ቀላል ነገር አልነበረም። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትዘጋም ካሴቱ ከቤት ወደ ቤት ዞረ። ሌሎች ቤተ እምነቶችም መዘምራናቸውን በዚያ አምሳል አደራጁ። (አንድ ዓይነት ልብስ ካልተሰፋልን አንቆምም የሚሉትን መዘምራን ግን በአዲሱ ወርቁ አላሳብብም።)

እኔ የማዝነው የተኮረጀው ድምፁ ብቻ በመሆኑ ነው። መዘምራኑ ያደረጉት ትልቁ ነገር በራሳቸው ኑሮና በራሳቸው ቋንቋ መግጠማቸው ነበር። በእምነቱ ምክንያት ሰባት ዓመት የታሰረው ተስፋዬ ጋቢሶ ይህ ገብቶት ነበር፤ መዝሙሮቹ የራሱን መከራ ይሸታሉ። እኛ ግን ያለቀለትን መዝሙር ተቀብለን እናጠናለን።

ጎጃም ደግሞ የግጥም ድሃ አይደለም። ዋሸራን ያህል የቅኔ ቤት ያለበት፣ ገበሬው በደቦ የሚቀባበልበት፣ እናት በወፍጮ ላይ የምታንጎራጉርበት አገር ነው። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ሲያጅቧት የአገሯን ድምፅ ይዛ ነው የገባችው። ዓለማዊ ምሳሌ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ነው።

«ማሲንቆ የጠጅ ቤት ነው» የሚለው ተቃውሞ ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ጊታሩም ከዳንስ ቤት ጋር ዝምድና ነበረው። ከባዱ ሌላ ነው። ስለ እምነቷ ከቤተሰቧ የተባረረች እኅት የልጅነቷን ዜማ በጉባኤ ስትሰማ ቁስሏ ሊነካ ይችላል። ይህን አቅልሎ ማለፍ እረኝነት አይደለም። በሌላ በኩል «መጤ ሃይማኖት» የሚሉን ጎረቤቶች በግድግዳው በኩል የሚሰሙት ስብከታችንን ሳይሆን ዝማሬያችንን ነው። ያ ዝማሬ ለጆሯቸው ሁሌ እንግዳ ከሆነ ክሱን እኛው እያጸናንላቸው ነው።

ከየት እንጀምር ብትሉኝ ከልቅሶ እላለሁ። በጎዛምን ወይም በማቻከል አንድ አማኝ ሲሞት ጎረቤቱ በባህሉ ሊያለቅስ ይመጣል። መዘምራን ከከተማ የተማሩትን ይዘምራሉ፤ ሙሾ ማውረድ የሚያውቁት ሴቶች ዝም ይላሉ። ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 የከለከለው ተስፋ የሌለውን ኀዘን እንጂ ማልቀስን አይደለም። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ጌታን ያመኑት የትንሣኤን ተስፋ በሚያውቁት ስልት ቢገጥሙትስ? መጋቢው ከጎናቸው ተቀምጦ ትምህርቱን ይመርምር፣ ሙታንን የሚጠራ ወይም ዕድልን የሚረግም ስንኝ ካለ ያርም፤ ዜማውን ግን ለእነሱ ይተውላቸው። ኪቦርድ ለዚህ አያስፈልግም።