ጃዝና የሰሚው ትዝታ

ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ ተቀባይ ይሻል። ይሁን እንጂ መጽሐፍ አንባቢ እስኪያገኝ በመደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ሥዕልም ተመልካች እስኪመጣ ድረስ በግድግዳ ላይ ይጠብቃል። የጃዝ ሙዚቃ ይህ ዕድል የለውም። ዋነኛው ክፍሉ በመድረክ ላይ በተጫዋቹ እስትንፋስና ጣት በቅጽበት የሚፈጠር በመሆኑ፣ የተፈጠረበት ምሽት ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ያው ተጫዋች በማግሥቱ ያንኑ ዜማ ይዞ ቢመለስ እንኳ የሚያሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ምሽት የሚተርፈው በሰሚው ጆሮ የቀረው ብቻ ነው። ስለሆነም የጃዝ አድማጮች ተሰብስበው ስለ ተጫዋቾችና ስላዩዋቸው ትርዒቶች የሚያወጉት ወግ እንደ ሥራ ፈት ጨዋታ ሊታይ አይገባውም፤ ወጉ የሥራው ቀሪ አካል ነው። ታዲያ ይህ ትዝታ ምን ያህል ይታመናል? ምንን ይጠብቃል? ምንንስ ያስቀራል?

የጃዝ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በትዝታ ነው። በኻያኛው ምዕት ዓመት መባቻ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ኮርኔት ይነፋ የነበረው ባዲ ቦልደን የዚህ ሙዚቃ ቀዳሚ ሰው ተብሎ ሲጠራ ይኖራል፤ ነገር ግን የእሱ ድምፅ የተቀረጸበት አንድም ሸክላ እስከ ዛሬ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1907 የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ በ1931 እዚያው ዐረፈ። ድምፁ ምን ያህል ብርቱ እንደ ነበረ፣ ብሉዝን ከዳንስ ባንድ ጋር እንዴት እንዳዋሐደ ዓለም የሚያውቀው፣ በወጣትነታቸው የሰሙት ሰዎች በሽምግልና ዘመናቸው ከተናገሩት ነው። ሆኖም ያው ትዝታ ቦልደን የፀጉር አስተካካይ ሱቅ እንደ ነበረውና ጋዜጣ ያሳትም እንደ ነበር ጨምሮ አወራ፤ ወሬውም ለብዙ ዓመታት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ቆየ። ዶናልድ ማርኪስ የተባለ ተመራማሪ የከተማዋን መዛግብት አገላብጦ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለቱም መሠረት የሌላቸው መሆናቸውን አሳየ። እንግዲህ ትዝታ ሰውየውን ከመረሳት አዳነው፤ ያልነበረውንም ሙያ ሰጠው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፍቅር የሚመጣውን ጉድለት ያሳያል። ዲን ቤኔዴቲ ራሱ ሳክስፎን የሚጫወት፣ የቻርሊ ፓርከር ጽኑ አድናቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 ፓርከር በሚጫወትባቸው ክበቦች መቅረጫ ይዞ ይገባል፤ ፓርከር ብቻውን መጫወት ሲጀምር መቅረጫውን ይከፍታል፤ ተራው ለሌላ ተጫዋች ሲደርስ ይዘጋል። ቅጂው እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሞ ሲወጣ ታላቅ ሀብት መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን ሰሚው የፓርከርን ንግግር እየሰማ፣ ንግግሩ ለማን የተሰጠ መልስ እንደ ሆነ መስማት አልቻለም። ጃዝ ደግሞ ጥያቄና መልስ ነው፤ ከበሮው ባይጠይቅ ሳክስፎኑ ያንን ባልመለሰ ነበር። የአብዛኛው አድናቂ ትዝታ እንደ ቤኔዴቲ መቅረጫ ነው፤ ለሚወደው ይከፈታል፣ ለሌላው ይዘጋል።

ይህ ጠባይ በኢትዮጵያም ጎልቶ ይታያል። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። የነጠላ ሸክላ አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ያህል ነው። በሆቴሉ አዳራሽ ሲረዝምና ሲሰፋ ያመሸው ጨዋታ ወደ ሸክላው ሲገባ መቆረጡ ግድ ነበር። የተቆረጠውን ሊመሰክር የሚችለው በአዳራሹ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሲጠየቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዘፋኙ ነው። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ዓለማየሁ እሸቴን የማያስታውስ አድማጭ የለም፤ ልብሳቸውን፣ አቋቋማቸውን፣ የሕዝቡን ጩኸት ሁሉ ይተርካል። ዜማውን ለነፋስ መሣሪያዎች ያቀናበረውን፣ በፒያኖው የተቀመጠውን፣ ባሱን የያዘውን ስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ኔርሴስ ናልባንዲያን፣ ግርማ በየነና ለማ ደምሰው ያቀናበሯቸው ሥራዎች በሁሉም ጆሮ አሉ፤ ስማቸው ግን በሁሉም አፍ የለም።

ትዝታ ከስም አልፎ ወደ ድምፁ ሲገባ ምን ያህል እንደሚጠቅም የጌታቸው መኩሪያ ጉዳይ በሚገባ ያስረዳል። የይፋት ተወላጁ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲጫወት ኖሯል። ገና ወጣት ሳለ የሽለላን ስልት ወደ ቴነር ሳክስፎን አሻገረ። ቅጂዎቹ በውጭ አገር እንደገና ሲታተሙ የአውሮፓና የአሜሪካ አድማጮች አልበርት አይለርን አስታወሱ፤ ነጻ ጃዝ የሚባለውን የኒው ዮርክ ስልት የሰሙ መሰላቸው። የኢትዮጵያ አድማጭ ግን የሚያስታውሰው ፉከራ ነው። ሁለቱም የሰሙትን መስክረዋል። የውጭው ሰሚ የድምፁን መንቀጥቀጥ፣ ከምት ነጻ መሆኑን፣ የትንፋሹን ርዝመት ለይቶ ይዟል፤ የአገሬው ሰሚ ደግሞ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። ሽለላ ቃል አለው፤ ጌታቸው ቃሉን ትቶ ትንፋሹን ወሰደ። ሳክስፎኑ ጮኾ ዝም በሚልበት ቦታ የፎካሪው ስንኝ ያበቃል፤ ዝምታው ለአድማጩ አጸፋ የተተወ ነው። ይህን ሊያስረዳ የሚችለው በሠርግና በድግስ ፉከራ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ነው። ጌታቸው ከኔዘርላንድስ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር በአውሮፓ መድረኮች ሲዞር ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. አርፏል።

ሌላው የትዝታ ፈተና ዘመንን አሳምሮ መዝጋት ነው። በኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ኒሻን ተሸለመ። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለደው፣ አምስት ድምፅ ያላቸውን የኢትዮጵያ ቅኝቶች ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር በማዛመድ የታወቀው ሙላቱ አስታጥቄ በዚያ ጉብኝት ከእንግዳው አልተለየም። ኤሊንግተን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በመግጠማቸው ብዙ ተራኪዎች ያንን ጉብኝት የወርቃማው ዘመን መዝጊያ አድርገው ይናገሩታል። በዚያ ምሽት በአዳራሹ የተቀመጠ ሰው ግን ዘመን ሲዘጋ አላየም፤ ኦርኬስትራ ሲጫወት ሰማ እንጂ።

ደግሞም ሙዚቃው አልተዘጋም። የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት ባንዶች በየሆቴሉ ይጫወቱ ነበር፤ ታዳሚው በሩ ከተዘጋ በኋላ እስኪነጋ ድረስ እዚያው ያድራል። የዋልያስ ባንድ በሒልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረው፣ «ቸበለው» የተባለውንም ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው በዚሁ ጊዜ ነው። በየአውራጃውና በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም የመዝሙራቸው ይዘት ምንም ይሁን ምን፣ ለብዙ ወጣት ጊታርና ከበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨበጠባቸው ቦታዎች ነበሩ። ወርቃማውን ዘመን ብቻ የሚዘክር ትዝታ እነዚህን ሌሊቶች ይዘላል፤ በሌሊቶቹ የተጫወቱትም አብረው ይዘለላሉ። ትዝታ የሚለው ቃል በአማርኛ የቅኝትና የዘፈንም ስም መሆኑ እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል። የሚዘፈን ትዝታ ያለፈውን ማስናፈቅ መብቱ ነው፤ የሚመሰክር ትዝታ ግን ይህ መብት የለውም።

ጃዝ በአዲስ አበባ ብቻ ተደመጠ የሚለው እምነትም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ እዚያው ቀርቶ፣ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቆ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ካሴት ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ የውጭ አገር ሙዚቃ ሰብሳቢ እጅ የገባው በባሕር ዳር ከተማ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። የመጀመሪያው እርሾ የተገኘው ከትልቅ ቤተ መዛግብት ሳይሆን፣ ከዋና ከተማው ርቆ ከተቀመጠ አንድ ካሴት መሆኑን ልብ ማለት ያሻል።

ይህ ከሆነ ጥያቄው ወደ ማሻም ይደርሳል። ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሸካ ደንና በቀርከሃ መካከል የምትገኘው ማሻ የጃዝ ክበብ ያላት ከተማ ተብላ አታውቅም። ማሻና ቴፒ፣ ሚዛንም ጭምር፣ ሙዚቃ በብዛት የገባው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ራዲዮና በካሴት ነው። በዚያ የሚኖር አድማጭ ተጫዋቹን አላየም፤ የአዳራሹን መብራትም አያውቅም። ያወቀው በዜና መግቢያና በፕሮግራሞች መካከል የሚለቀቀውን፣ ዘፋኝ የሌለበትን ጨዋታ ነው። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ሙዚቃ በልማድ «ክላሲካል» ይባላል። የማሻው ሽማግሌ በቡና ሰዓት «በራዲዮ ይለቀቅ የነበረው ያ ክላሲካል» ሲሉ፣ ስሙን ሳያውቁት ስለ ኢትዮ ጃዝ እየመሰከሩ ሊሆን ይችላል። መልክና ልብስ ያላደናገረው ጆሮ ነውና፣ የቀረለት ድምፁ ብቻ ነው፦ ኦርጉ እንዴት እንደ ገባ፣ ሳክስፎኑ የት ላይ እንደ ዘገየ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የትኛው መሣሪያ አልፎ ይሰማ እንደ ነበር። ይህ ምስክርነት በሆቴሉ የፊት ወንበር ከተቀመጠው ሰው ቃል ያነሰ ክብደት የለውም። የተጫዋቹ ስም ግን ይጎድለዋል፤ ያንን ደግሞ የፊት ወንበሩ ሰው ሊሞላው ይችላል። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ሁለቱም ትዝታዎች ግማሽ ናቸው።

መገናኘቱ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝአምባ አዳራሽ በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ወደመ። በካዛንቺስ የነበረው የፈንድቃ ቤት በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በአንድ ዓመት፣ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤቱ ሲፈርስ ትርዒቱ የት እንደ ነበረ የሚያሳይ ግድግዳ አይኖርም፤ ሰው ሲያልፍም የሚጠየቅ አንደበት አይኖርም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቅኔም እንደ ጃዝ ለአንድ ቀን የሚፈጠር ጥበብ ነው። ባለቅኔው በማኅሌት ቆሞ የተቀኘውን በሌላ በዓል እንደ አዲስ አድርጎ ሊያቀርበው አይገባም። ቅኔው ለትውልድ የሚተርፈው ሰሚዎቹ በቃላቸው ስለሚይዙት ነው። አያያዛቸውም ሥርዓት አለው፤ ቅኔው የማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው ደብር፣ በምን ምክንያት እንደ ተቀኘ አብሮ ይነገራል። ባለቤቱና ምክንያቱ የጠፋ ቅኔ ምሥጢሩ ይሰወራል፤ ሰሙ ቢቀር እንኳ ወርቁን ለማግኘት ያስቸግራል። የጃዝ አድማጭም ትዝታውን በዚህ ሥርዓት ቢይዘው ወጉ ወደ ምስክርነት ይለወጣል። ማን ተጫወተ? ማን አጀበው? የት አዳራሽ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት? ከሸክላው ወይም ከካሴቱ የተለየው ምን ነበር? መልሱ በማይታወቅበት ቦታ ላይ አላውቅም ማለትም ከምስክር የሚጠበቅ ነው፤ ቦልደንን ፀጉር አስተካካይ ያደረገው ይህን ለማለት አለመድፈር ነው።

የሙዚቃ መምህራን፣ የትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ክበባትና የባህል ሠራተኞች ይህን ሥራ ነገ ሊጀምሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው አንድ መቅረጫ፣ አንድ ደብተርና ሳይቋረጥ የሚሰማ ጆሮ ነው። የሚጠየቁትም የታወቁት ዘፋኞች ብቻ ሊሆኑ አይገባም፤ ከበሮ የመታው፣ በሩን የጠበቀው፣ ሻይ ያመላለሰው፣ በማሻም ራዲዮውን አስጠግቶ ያደመጠው ሁሉ ይጠየቅ። አንዱ ድምፁን፣ ሌላው ስሙን፣ ሦስተኛው ዓመተ ምሕረቱን ሲያመጣ፣ በአንድ ምሽት ተፈጥሮ ያለፈው ጨዋታ ቢያንስ ባለቤቱ ይታወቃል።