ምስክርን የመመርመር ጨዋታ፤ «ቱ ቴል ዘ ትሩዝ» እና ትንሣኤዎቹ

ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ጨዋታዎች መካከል «ቱ ቴል ዘ ትሩዝ» የሚባለውን ያህል ደጋግሞ የተቋረጠና ደጋግሞ የተነሣ ጥቂት ነው። ቦብ ስቱዋርት ያመነጨው፥ የጉድሰንና የቶድማን ድርጅት ያዘጋጀው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1956 በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ ተጀምሮ እስከ 1968 ከዘለቀ በኋላ፥ በ1969፥ በ1980፥ በ1990፥ በ2000 እና በ2016 መሪውንና መድረኩን እየለወጠ እንደ ገና ለተመልካች ቀርቧል። እንዲህ ያለ ቀደምት ነገር በተነሣ ቁጥር ሊመረመር የሚገባው፥ የተነሣው ሥጋው ብቻ ነው ወይስ ነፍሱም ጭምር የሚለው ነው፤ የዚህም ሐተታ አሳብ፥ የጨዋታው ነፍስ በጠያቂዎቹ ዝናና ቀልድ ላይ ሳይሆን ምስክርን አክብሮ በመመርመር ላይ የቆመ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ቢመስልም ረቂቅ ነው። ሦስት ሰዎች ቀርበው በየተራ የአንዱን ሰው ስም የራሳቸው ስም አድርገው ይናገራሉ፤ የጨዋታው መሪ፥ በመጀመሪያው ዘመን በድ ኮልየር፥ የዚያን ሰው ሥራና ታሪክ የያዘውን ቃለ መሐላ ያነባል፤ ከዚያም እንደ ኪቲ ካርላይልና እንደ ኦርሰን ቢን ያሉ አራት ጠያቂዎች በተወሰነላቸው አጭር ጊዜ ሦስቱን እያፈራረቁ ይመረምራሉ። ሁለቱ አስመሳዮች እንዲዋሹ ሲፈቀድላቸው፥ ባለታሪኩ ግን እውነት ከመናገር በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ድምፅ ተሰጥቶ መሪው እውነተኛው ሰው እንዲነሣ በጠየቀ ጊዜ፥ አንዱ ሊነሣ ጎንበስ ይላል፥ ሌላው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል፥ በመጨረሻም ማንም ያልጠረጠረው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አስመሳዮቹም እውነተኛ ስማቸውንና መተዳደሪያቸውን ተናግረው የተዋሱትን ታሪክ ለባለቤቱ ይመልሳሉ።

ይህ የመጨረሻው ኑዛዜ ለዘመኑ ታላቅ ቁም ነገር ነበረው። በ1958 ብዙ ገንዘብ ያሸልሙ የነበሩት የጥያቄና መልስ ውድድሮች መልሱን አስቀድመው ለተወዳዳሪ እየሰጡ ሕዝብን ያታልሉ እንደ ነበር ተገለጠ፤ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ውድድር ስመ ጥር የነበረው ቻርልስ ቫን ዶረንም በ1959 በምክር ቤቱ ንኡስ ኮሚቴ ፊት ጥፋቱን አመነ። በዚያ ሁሉ ነውጥ መካከል፥ ሐሰትን በግልጥ የፈቀደው ጨዋታ ሳይነካ ኖረ፤ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ድምፅ የሚከፍለው 250 ዶላር፥ ለአራቱም 1000 ዶላር ብቻ ከመሆኑም በላይ፥ ሐሰቱን ሁሉ ተመልካች ከመነሣቱ በፊት ራሱ ይገልጠው ነበርና ነው።

ሥርዓቱ ምን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደሚችል የታየው ግን በ1980ው ትንሣኤ ነው። በአንዱ ቀን ሦስት ሴቶች ቀርበው እያንዳንዳቸው ሮዛ ፓርክስ ነኝ አሉ። ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በሞንትጎመሪ ከተማ በአውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ተሳፋሪ ከወንበሬ አልነሣም ያሉት፥ በእርሳቸውም መታሰር ምክንያት ጥቁሮች 381 ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላለመሳፈር ያደሙት ናቸው፤ ያም አድማ የተፈጸመው ይኸው ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በታየ በሁለተኛው ቀን ነበር። ባለመነሣታቸው ታሪክ የለወጡት ሴት፥ ከሩብ ምእት ዓመት በኋላ እውነተኛይቱ ትነሣ ሲባል ተነሡ። ጨዋታውም ሳያወግዝና ሳይሰብክ ለሀገሪቱ የነገራት፥ ስማቸውን እያነሣች መልካቸውን ለይታ የማታውቃቸው ባለውለታዎች እንዳሏት ነው።

እንዲህ ያለውን ምስክር ለመለየት የሚያበቃው ጥቃቅኑን ነገር የሚያነሣ ጥያቄ ነው። በመጽሐፈ ሶስና ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሎች ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር አያችሁ ባላቸው ጊዜ ክሳቸው እንደ ፈረሰ ሁሉ፥ የዚህም ጨዋታ ብልኅ ጠያቂ መርከበኛ ነኝ ያለውን ስለ ባሕር ግርማ ሳይሆን ስለ ገመዱ አቋጣጠር ይጠይቀዋል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የሚለየው ሰውየውን እንጂ ቃሉን አይደለም። በ1977 ፍራንክ አባኜል በአስመሳይነት ያሳለፈው ሕይወት ተነቦለት ቀርቦ ነበር፤ በ2002 የወጣው «ካች ሚ ኢፍ ዩ ካን» የተባለው ፊልምም በዚያው ትዕይንት ይጀምራል፤ ኋላ ግን መርማሪዎች ከታሪኩ ብዙው ያልተፈጸመ መሆኑን ተከራክረዋል። እንግዲህ ጠያቂዎቹ ትክክለኛውን ሰው ቢያገኙ እንኳ፥ የተነበበው ቃል አስቀድሞ ካልተመረመረ እውነት አልተገኘም፤ ጨዋታውን የሚያነሣ ሁሉ የሚሸከመው ዕዳም ይህ ነው።

ከ2016 እስከ 2022 በኤ.ቢ.ሲ. ጣቢያ የታየው ትንሣኤ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምስጋናም ወቀሳም ይገባዋል። መሪው አንተኒ አንደርሰን እናቱን ወይዘሮ ዶሪስን በመድረኩ ላይ አስቀምጦ የቤተ ሰብ ሙቀት ጨመረለት፤ ሦስቱን እንግዶች፥ ድምፁንና የመጨረሻውን መነሣትም ጠበቀ። ነገር ግን ጠያቂዎቹ ተመልካችን ለማሳቅ በሚሽቀዳደሙበት ጊዜ ጥያቄው የቀልድ መንደርደሪያ ይሆናል፥ ምስክሩም በገዛ ታሪኩ ላይ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ሳቅ ለቀደሙትም ጠያቂዎች ባዕድ አልነበረም፤ ከእነርሱ ዘንድ ግን ከምርመራው ይወለድ ነበር እንጂ ምርመራውን አይተካም ነበር።

ስለዚህ ወደ ፊት ይህን ጨዋታ ሊያነሡ የሚያስቡ አዘጋጆች ከመድረኩ ጌጥና ከጠያቂዎቹ ዝና አስቀድመው ሦስት ነገር ይጠብቁ፦ የሚነበበውን ቃል አጣርተው ያቅርቡ፥ ለምስክሩ መልስ በቂ ጊዜ ይስጡ፥ ጠያቂዎቻቸውንም በማድመጥ ችሎታቸው ይምረጡ። ሐሰተኛ ምስልና ሐሰተኛ ድምፅ ያለ ድካም በሚሠራበት በዛሬው ዘመን፥ ያልታወቀን ሰው በትሕትና ጠይቆ መልሱን እስከ ፍጻሜው ማድመጥ ሕዝብ በየሳምንቱ ሊለማመደው የሚገባ ጥበብ ነው፤ ቴሌቪዥንም ይህን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ገና አላገኘም።