ፍቅርን ከወሲብ የለየው ዘፋኝ፦ የማርቪን ጌይ ማስታወሻና ዘፈኖቹ

አሜሪካዊው ዘፋኝ ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው «ሌትስ ጌት ኢት ኦን» በተሰኘው አልበም ሽፋን ላይ ስለ ወሲብ አጭር ማስታወሻ አስፍሯል። ፈቃደኛ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ምንም ነውር እንደሌለበት፣ ፍቅርና ወሲብም ቢጣመሩ መልካም ቢሆንም በመሠረቱ ሁለት የተለያዩ ፍላጎቶች እንደሆኑ ይናገራል። ብዙ አገልጋይ እዚህ ላይ ያቆማል። በእኛ ዘንድ መዝሙርና ዘፈን ለየቅል ናቸውና፣ ሰውየው ዘፋኝ ነው፤ ነገሩ በዚሁ ይዘጋል። ማስታወሻውን ከዘፈኖቹ ጋር ለሚያስተያይ ግን ሁለቱ አይስማሙም።

ጌይ ያደገው በዋሽንግተን ዲሲ፣ አባቱ በሚያገለግሉባት፣ ሰንበትን ቅዳሜ በምታከብር ጴንጤቆስጣዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። መዘመር የጀመረው እዚያ ነው። እኚያው አባት ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ክፉኛ ይገርፉ ነበር፤ ኋላም በ1984 ልጃቸውን በሽጉጥ የገደሉት እርሳቸው ናቸው። በአልበሙ የምንሰማው መቃተት፣ መማጸን፣ አንዱን ቃል እየደጋገሙ ከፍ ማድረግ ከዚያ ጸሎት ቤት የመጣ ነው። የርዕሱን ዘፈን አብሮት የደረሰው ኤድ ታውንሴንድ መጀመሪያ ያሰበው ከመጠጥ ሱስ ተላቅቆ ኑሮን ስለ መቀጠል ነበር። ጌይ ወደ መኝታ ቤት ወሰደው፤ ልመናው ግን እንዳለ ቀረ። ተራ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ ማን እንዲህ ይማጸናል? በ1982 ደግሞ ወሲብን ፈውስ ብሎ ዘፈነ። በጴንጤቆስጣዊ ቤት ላደገ ሰው «ፈውስ» ቀላል ቃል አይደለም። ሮሜ 1 ስለ ፈጣሪና ፍጡር መለዋወጥ የሚናገረውን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመነሳሳቱ ጉዳይ ነው። ጌይ አልበሙን በሚቀዳበት ወቅት ጃኒስ ሀንተርን አገኘ። እርሷ 17 ዓመቷ፣ እርሱ 33 ዓመቱ ነበር፤ ሚስቱ አና ጎርዲም ነበረች። የሙዚቃ ሃያሲያን ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ይተርኩታል፤ ዘፈኑን ያሞቀው እርሷን ማግኘቱ ነው ይላሉ። ጃኒስ ግን በ2015 ባሳተመችው ትዝታዋ ስለ ዕፁ፣ ስለ ቅናቱና ስለ ደረሰባት ጉዳት ጽፋለች። ማስታወሻው «ፈቃድ» የሚለው ቃል ሁሉን ይሸከምልኛል ብሎ ያምናል። ዝነኛ ባለትዳር ከአንዲት ልጅ የሚያገኘው ፈቃድ ግን ምን ያህል ፈቃድ ነው? 1ኛ ተሰሎንቄ 4 በዚህ ነገር ሌላውን ስለ መበደል ሲያስጠነቅቅ የሚናገረው በሥነ ጥበብ ስም ለሚደረገውም ነው። በ1978 የወጣው «ሂር፣ ማይ ዲር» ከአና ጋር ለተፈጸመው ፍቺ ከገቢው 600,000 ዶላር እንዲከፈል ታስቦ የተሠራ ነው። የትዳሩ መፍረስ ራሱ ለገበያ ቀረበ።

ይህን ሁሉ ብለን እኛ ደግሞ ምን እናስተምራለን? መኃልየ መኃልይን ከመድረክ በምሳሌነት ብቻ እንተረጉማለን፤ ለወጣቱ የሚደርሰው ማስፈራሪያ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ያለ እፍረት የተናገረውን፣ የባልና የሚስት ሥጋ አንዱ ለሌላው የተሰጠ መሆኑን፣ ደፍረን የምንሰብከው ስንቶቻችን ነን? ጌይ ፍቅርንና ወሲብን የለየው፣ አንድ ሆነው ሲኖሩ ሳያይ ስለ ቀረ ይመስለኛል።

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ስለ ሩካቤ ሳይሆን ስለ ፈረሰ ትዳር ነው። ለሚስት የተነገረ ስንብት ነው፤ ከደራሲዎቹም አንዷ ራሷ አና ናት።