የጅሬን ዙፋን፣ የሂርማታ ገበያ

አባ ጅፋር የሚለው ስም በጅማ ከአፍ አይጠፋም። አውሮፕላን ማረፊያው በስማቸው ይጠራል፤ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ያነሣው የእግር ኳስ ክለብም እንዲሁ። ስሙ እንደ ምኒልክ «አባ ዳኘው» የፈረስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ የጅማን መንግሥት የመሠረቱት ሰናም በዚሁ ስም ተጠርተው ነበር። እኔ የማነሣቸው ግን ዳግማዊው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት።

ስለ እሳቸው የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መልክ አለው፦ ወጣቱ ንጉሥ የእናታቸውን የንግሥት ጉሚቲን ምክር ሰምተው ለምኒልክ ገበሩ፣ አገራቸውንም ከእሳት አዳኑ። የትረካው መነሻ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ከጊቤ መንግሥታት ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ሊሙ ለሸዋ ሹማምንት እጅ ሲሰጡ፣ ጅማ ዓመታዊ ግብር እየከፈለች የራሷን ንጉሥ፣ ዳኝነትና መሬት ይዛ ቆየች። ዛሬ በቡና ስማቸው የገነነው የአጋሮና የሊሙ አካባቢዎች የነፍጠኛ ሥርዓት ሲተከልባቸው፣ የጅማ ገበሬ ያንን አላየም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም።

አንትሮፖሎጂስቱ ኸርበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ የጅማን አስተዳደር በዝርዝር ያጠኑ ሲሆን፣ የንጉሡ ኃይል በትውልድ መብት ካደጉ ባላባቶች ይልቅ ራሳቸው በሚሾሟቸውና በሚሽሯቸው ሰዎች ላይ መቆሙን ያሳያሉ። ድንበሩ በኬላ ይጠበቃል፤ ነጋዴው ቀረጥ ይከፍላል። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከደቡብ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ወደ ሂርማታ ገበያ ይጎርፋል። የዛሬዋ የጅማ ከተማ የበቀለችው ከዚሁ ገበያ ነው፤ የሐሙስ ገበያዋም ገና አልደበዘዘም።

በዚያ ገበያ ግን ሰውም ይሸጥ ነበር። ሂርማታ በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ከከፋና ከአጎራባች አገሮች የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚህ አልፈው ወደ ሰሜንና ወደ ቀይ ባሕር ተነዱ። የሚወደሰውን ነፃነት የገዛው ግብርም ከዚህ ንግድና ከኬላው ቀረጥ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1894 በወላይታ፣ በ1897 በከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ጦር ከምኒልክ ሠራዊት ጎን ተሰልፏል። ጅማን ከእሳት ያዳነው ስምምነት ጎረቤቶቿን አቃጥሏል። ስለዚህ «ሰላማዊው ንጉሥ» የሚለው ቅጽል ቤተ መንግሥታቸው ላለበት ለጅሬን ኮረብታ እንጂ ለከፋ መንደሮች አይሠራም።

የታሪክን ግማሽ ብቻ መተረክ የጅማ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1776 ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል ብለው ጻፉ፤ በዕድሜያቸው ግን ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዘዋል። ቨርጂንያ የሚገኘው ቤታቸው ሞንቲቼሎ ለረጅም ዘመን የአንድ ሊቅ መኖሪያ ሆኖ ብቻ ተጎበኘ። አሁን ግን ጎብኚው የባሪያዎቹን ስም፣ ሙያና ቤተሰብ ጭምር ይሰማል። የጄፈርሰን ታሪክ በዚህ አልጠፋም፤ ጥልቀት አገኘ እንጂ።

ለአባ ጅፋርም ይኸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ። ለእስልምና ትምህርት ያደረጉት ድጋፍ፣ ነጋዴን አክብረው የማስተናገድ ፖለቲካቸው፣ በተስፋፊ ኃያል ጎረቤት ፊት ከ50 ዓመት በላይ መጽናታቸው ይነገርላቸው። ግን እ.ኤ.አ. በ1923 ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ዓለም ያነሣባት የባርነት ጥያቄ ጅማንም ይመለከት ነበር፤ ፍጹም የተከለከለውም ንጉሡ ካረፉ በኋላ በ1942 ነው። እሳቸው ባረፉበት ዘመን የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር ዙፋኑን ቢይዙም፣ ብዙ ሳይቆዩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጅማን ራስ ገዝነት አበቁ።

በጅሬን ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። በረንዳው ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ከተማዋ ትታያለች። ታሪኩን የሚተርክ ሰው ከንጉሡ እልፍኝ ጀምሮ እዚያው እንዳይጨርስ እመኛለሁ፤ ወደ ሂርማታ ወርዶ በኬላው በር በእግር ስለገቡት፣ በገመድ ታስረው ስለወጡት ይንገረን።