የሚክያስ ከተሞች በአማርኛ ጆሮ

የሐሙሲት ከተማ ስም ሲጠራ ሐሙስ ይሰማል። ወረታ ሲባልም ከከተማው ጋር የውለታ ምላሽ አብሮ ይሰማል፤ «ወረታውን ከፈለ» እንላለንና። ለፎገራ ሜዳ አድማጭ የነቢዩ ሚክያስ 1ኛ ምዕራፍ እንግዳ የማይሆነው ለዚህ ነው። የሞሬሼቱ ሰው የአገሩን ከተሞች በየስማቸው እየጠራ ፍርዳቸውን ከዚያው ከስማቸው ያወጣዋል፦ ቤትልዓፍራ ላይ ሲደርስ «ዓፋር»ን፣ አክዚብ ላይ ሲደርስ «አክዛብ»ን ያነሣል። አክዛብ ማታለል ነው፤ ዓፋር ደግሞ የእኛው አፈር።

ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ቶሎ ሰምና ወርቅ ይለዋል። እኔ አልስማማም። በሰምና ወርቅ ወርቁ ተሸፍኖ ፈታሒውን ይጠብቃል፤ በኅብርም አንዱ ቃል አንዴ ተነግሮ ሁለት ትርጉም ይሸከማል። ነቢዩ ግን ሁለቱንም ቃላት በግልጥ ጎን ለጎን ያቆማቸዋል፤ ያልተማረውም እንዲሰማ እንጂ ሊቁ ብቻ እንዲፈታው አይደለም። ሴማውያን ቋንቋዎች ከጥቂት ሥረ ፊደላት ቃል ስለሚያረቡ መመሳሰሉ በአጋጣሚ የመጣ ነው የሚል ይኖራል። ለአንድ ጥንድ ቢሆን ይህ ባስኬደ። ነገር ግን ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ የወይኑን ቦታ ቅኔ ሲዘጋ «ሚሽፓት»ን ከ«ሚስፓሕ»፣ «ጽዳቃ»ን ከ«ጽዓቃ» ያጋጥማል፦ ፍትሕን ከደም ማፍሰስ፣ ጽድቅን ከተበዳይ ጩኸት። በሁለተኛው ጥንድ የተለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ግፍ ፍትሕን መስሎ እንደሚቀርብ የሚነግረን ይህ ቅርበት ነው፤ ድምፁን ካጣነው ከክሱ ግማሹን አጣን።

ተርጓሚ ለትርጉም እንጂ ለድምፅ አይታመንም የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ቤት ለመምታት ሲባል ስንት ቃል ተጣምሟል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ምርጫው እኩል በሆኑ ሁለት ቃላት መካከል ነው። የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ ስለተመለሰ፣ ዕብራይስጥና የእኛ ቋንቋዎች በሚጋሩት ሥር መካከል ባዕድ ቋንቋ ገብቶበታል። ከዕብራይስጡ የሚመልስ አማርኛ ግን ለቤትልዓፍራ ከ«ትቢያ» ይልቅ «አፈር»ን ቢመርጥ ትርጉሙ አይጎድልም፤ ከተማው በስሙ ይፈረድበታል። የአሞጽ 8ኛ ምዕራፍ ይከብዳል። በቅርጫት ያለው የበጋ ፍሬ «ቃይጽ» ነው፣ የሕዝቡም መጨረሻ «ቄጽ»፤ ለእነዚህ አማርኛ ተካካይ ጥንድ የለውም። ፍሬውን በሌላ ነገር መለወጥ ራእዩን ማፍረስ ይሆናል። ለመዝጊያው ግን ከ«መጨረሻ» «ፍጻሜ» ይሻላል፤ ቢያንስ የ«ፍሬ» ፊደል መልሶ ይሰማበታል።